የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ከመርከብ ወርዶ ካርታሄናን በእግር

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሚገናኙ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ጉዳያቸው በደቡብ ምሥራቅ ስፔን፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ የምትገኘው የካርታሄና ከተማ ናት። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱ ግን በሀገራችን ልማድ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ በመጪው መስከረም ከእናቴና ከባለቤቴ ጋር ከባርሴሎና በሚነሣ የሽርሽር መርከብ የስፔንን ጠረፍ ለመጎብኘት አስበናል። መርከቡ ካርታሄና ላይ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ይቆማል። የመርከቡ ድርጅት በአውቶቡስ የሚደረግ ጉብኝት ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ለሦስት ሰው ሲታሰብ ቀላል አይደለም። እናቴ ዕድሜያቸው ስድሳ ስምንት ነው፤ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። አውቶቡሱን እንያዝ ወይስ በእግራችን እንውጣ? በእግር ከሆነስ ከየት እንጀምር?
(ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ አውቶቡሱን ይተዉት። ይህን የምንለው ስለ ሁሉም ወደብ አይደለም። ለምሳሌ ሮምን ለማየት መርከበኛው የሚያወርድዎ ቺቪታቬኪያ ላይ ሲሆን፣ ወደቡ ከከተማዋ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ በግሉ ወጥቶ ባቡር ያመለጠው መንገደኛ መርከቡም ጥሎት ሊሄድ ይችላል፤ እንዲህ ባለው ቦታ ለድርጅቱ ጉብኝት መክፈል አያስቆጭም። ካርታሄና ላይ ግን መርከቡ የሚቆመው በአሮጌው ከተማ ደጃፍ ነው። ከመርከቡ መሰላል እስከ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚራመድ ሰው እንኳ የሩብ ሰዓት ጉዞ አይሞላም። አውቶቡስ ሊገባባቸው የማይችሉት ጠባብ ጎዳናዎችም የከተማዋ ዋና ጌጥ ናቸው።

ከመርከቡ የወረደ ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ወደሚታየው ዋና ጎዳና ዘው ብሎ ይገባል። እኛ ግን በቅድሚያ ወደ ላይ ይውጡ እንላለን፤ ይህች ከተማ ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንደተቆረቆረች በግልጽ የሚገባው ከከፍታ ሲያዩዋት ነውና። የኮንሴፕሲዮን ኮረብታ የሚባለው ከፍታ ከወደቡ ጥቂት እልፍ ብሎ ይገኛል፤ በኺስበርት ጎዳና በኩል በአነስተኛ ክፍያ ወደ ላይ የሚያወጣ አሳንሰር ተሠርቶለታል። በላዩ ካለው የመካከለኛው ዘመን ግንብ ላይ ቆመው ወደ ባሕሩ ሲመለከቱ አፉ የጠበበ፣ ውኃው የጠለቀ፣ ዙሪያውን በተራራ የታጠረ ወደብ ያያሉ። በሰሜን አፍሪካ የነበረው የካርቴጅ መንግሥት የጦር አዛዥ ሐስድሩባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ227 ዓመት አካባቢ ከተማዋን የመሠረታት ይህንን ወደብና በስተምሥራቅ ባሉት ተራሮች ውስጥ ያለውን ብር ዐይቶ ነው። ሮማውያን ከነጠቋት በኋላ በማዕድን ጉድጓዶቹ አርባ ሺህ ሰዎች ይሠሩ እንደነበር ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ ዘግቧል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የስፔን ነገሥታት ትልቁን የባሕር ኃይል መርከብ መሥሪያና ማከማቻ በስተምዕራብ ያቋቋሙትም በዚሁ ወደብ ምክንያት ነው፤ እስከ ዛሬም የጦር መርከቦች ይቆሙበታል። ከግንቡ ላይ ዞር ሲሉ ደግሞ ክብ የሆነውን አሮጌ የኮርማ ፍልሚያ ስፍራ ያያሉ። የተሠራው በሮማውያን ዘመን አንበሳና ሰው ይታገሉበት በነበረው ክብ ሜዳ ፍርስራሽ ላይ ነው፤ የሰው ልጅ ለመዝናኛው የሚመርጠው ቦታ በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ ብዙ አለመራቁ ያስገርማል።

እናትዎን በሚመለከት አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ጎብኚዎች በአሳንሰሩ ወጥተው በመናፈሻው በኩል በእግር ይወርዳሉ። ይሁን እንጂ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። ስለዚህ እርሳቸው ጣዎሶች በነፃነት ከሚዞሩበት መናፈሻ ጥላ ሥር አረፍ ብለው ከቆዩ በኋላ በዚያው አሳንሰር ቢወርዱ ይሻላል። አሳንሰሩ ከሚነሣበት ቦታ አጠገብ፣ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (ከ1936 እስከ 1939) ሕዝቡ ከአውሮፕላን ቦምብ እንዲሸሸግበት በዐለቱ ውስጥ የተቦረቦረው መጠለያ አሁን ሙዚየም ሆኖ ይታያል። ካርታሄና የሪፐብሊኩ ወገን ዋና የባሕር ኃይል ሰፈር ስለነበረች ደጋግማ ተደብድባለች። ቦታው ጠባብና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ነገር ግን እንዳያልፉት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜዎን በአብዛኛው ለሮማውያኑ ቲያትር ይስጡት። ይህ ቲያትር እስከ 1988 ድረስ መኖሩ አይታወቅም ነበር። በኮረብታው ተዳፋት ላይ የተጎሳቆሉ የድሀ ቤቶች ተደርድረው፣ ከበላያቸውም ሳንታ ማሪያ የተባለችው አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ሳለ፣ ለሌላ ግንባታ በተደረገ ቁፋሮ የቲያትሩ አካል ብቅ አለ። ከስድስት ሺህ በላይ ተመልካች ይይዝ የነበረው ይህ ሕንፃ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት የመጨረሻዎቹ ዓመታት የተሠራ ሲሆን፣ በበሮቹ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ለአውግስጦስ ቄሣር የልጅ ልጆች ለጋይዮስና ለሉክዮስ መታሰቢያ እንደሆነ ይናገራል። ከዚያ በኋላ የደረሰበት ነገር ከግንባታው ይልቅ ይማርካል፤ መድረኩ ላይ ገበያ ተሠራበት፤ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ጦር ደቡብ ስፔንን ሲይዝ የነጋዴዎች ሰፈር ተቆረቆረበት። ይህ ዮስጢንያኖስ ከአክሱሙ ንጉሥ ከአፄ ካሌብ ጋር በአንድ ዘመን የነገሠ፣ ወደ አክሱምም መልእክተኞች የላከው ያው ንጉሥ መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። ከዚያ ወዲህ የእስላሞች ሰፈር፣ ከዚያም ቤተ ክርስቲያኗና የዓሣ አጥማጆቹ ቤቶች እየተደራረቡ መጡ።

የቲያትሩ ሙዚየም በ2008 የተከፈተ ሲሆን ንድፉን የሠራው ስፔናዊው አርክቴክት ራፋኤል ሞኔዎ ነው። መግቢያው ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ባለ ተራ ቤተ መንግሥት በሚመስል ሕንፃ በኩል ሆኖ፣ ጎብኚው በተንቀሳቃሽ ደረጃ እየወጣ የተገኙትን ሐውልቶችና ዐምዶች ካየ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኗ ሥር በሚያልፍ ጨለም ያለ መተላለፊያ ይጓዝና በድንገት ከመቀመጫዎቹ ከፍታ ላይ ብርሃን ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ ቲያትሩን አስቀድሞ ከላይ ከመናፈሻው ሆኖ ማየት የሚቻል ቢሆንም፣ በነፃ አየሁት ብለው ትኬቱን አይቆጥቡ። የድንጋይ መቀመጫዎቹ ደረጃ ግን ቀጥ ያለ ነውና እናትዎ ከላይኛው ረድፍ ሆነው ቢመለከቱ ይበቃቸዋል።

ብዙዎቹን ታሪካዊ ስፍራዎች በአንድ ላይ የሚያስገባ የጋራ ትኬትም ይሸጣል። እኛ ለአንድ ቀን መንገደኛ አንመክረውም፤ የገዛው ሰው ገንዘቡ እንዳይባክንበት ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ ይውላል፣ ማታም የቱን የት እንዳየ አይለይም።

ከቲያትሩ ወጥተው የሚያገኙት ማዮር የተባለው ዋና ጎዳና ተሽከርካሪ አይገባበትም፤ መሬቱ በተወለወለ ድንጋይ ስለተነጠፈ ዝናብ ከዘነበ ያንሸራትታል። በግራና በቀኝ የሚያዩዋቸው ባለ መስታወት ሰገነትና ያጌጡ ሕንፃዎች በአንድ ዘመን አካባቢ የተሠሩ መሆናቸው ድንገተኛ አይደለም። ከተማዋ በ1873 ራስ ገዝ መሆኗን አውጃ በማዕከላዊው መንግሥት ላይ ካመፀች በኋላ፣ በከበባና በመድፍ ድብደባ ብዙው ቤቷ ፈርሶ በ1874 መጀመሪያ እጇን ሰጠች። ፍርስራሹ የተነሣው በአቅራቢያው ላ ኡኒዮን ከሚባለው የማዕድን ቀበሌ በበለጸጉ ባለሀብቶች ገንዘብ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሀብታቸውን በቤታቸው ፊት ላይ ለማሳየት አላፈሩም። በ1907 የተጠናቀቀው ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ማዘጋጃ ቤትና ከጎዳናው ባሻገር ያለው ግራን ሆቴል የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ ግራን ሆቴል ዛሬ ሆቴል ስላልሆነ ከውጭ ማየት በቂ ነው።

ለመጨረሻው ሰዓት የባሕር ሥር አርኪዮሎጂ ብሔራዊ ሙዚየምን ያስቀምጡ፤ መርከቡ ከሚቆምበት ዳርቻ ላይ ስለሆነ ሰዓት ያልፍብናል የሚል ስጋት የለበትም። በዚያ ከሺህ ዓመታት በፊት ሰጥማ በነበረች የፊንቄያውያን መርከብ ላይ የተገኙ፣ የባለቤቶቻቸው ስም የተቀረጸባቸው የዝሆን ጥርሶች አሉ። ከዚያም አልፎ፣ እንግሊዞች በ1804 ያሰጠሟት ሜርሴዴስ የተባለች የስፔን የጦር መርከብ ጭነት ከነበሩት የብር ሳንቲሞች በከፊል ለዕይታ ቀርበዋል። አንድ የአሜሪካ ሀብት ፈላጊ ኩባንያ ከውቅያኖሱ ወለል አውጥቶ ወደ ፍሎሪዳ ያጓጓዘውን ይህን ገንዘብ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የስፔን መንግሥት ንብረት ነው ብለው ስለወሰኑ በ2012 በጦር አውሮፕላን ተጭኖ ተመልሷል። የተዘረፈ ቅርሱን ለማስመለስ ለሚታገል ሀገር ሕዝብ ይህ ክፍል ከሌላው ጎብኚ ይልቅ ትርጉም ይኖረዋል። አሁንም አቅም ከተረፈዎ በዚያው ዳርቻ ባለው የባሕር ኃይል ሙዚየም የከተማዋ ተወላጅ ኢሳክ ፔራል የነደፋት፣ በ1888 ውኃ ላይ የወረደችውና በኤሌክትሪክ ባትሪ ትንቀሳቀስ የነበረችው ሰርጓጅ መርከብ ትገኛለች።

መርከብዎ የሚደርሰው ሰኞ ቀን ከሆነ ግን ይህ ዕቅድ ይፈርሳል። በስፔን አብዛኞቹ ሙዚየሞች ሰኞ ዝግ ናቸውና የጉዞ መርሐ ግብሩን ከመክፈልዎ በፊት ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ሲሆን ግሪን ካርድ አለኝ፤ ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነው። የምሳፈርበት መርከብ ከባርሴሎና ተነሥቶ ካርታሄናንና የሞሮኮዋን ታንጀርን ነክቶ ወደ ባርሴሎና ይመለሳል። መርከብ ላይ ስለማድር ቪዛ አያስፈልገኝም ያሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው?
(ከአትላንታ)

መልስ፦ እውነት አይደለም። ግሪን ካርድ ከአሜሪካ ወጥቶ ለመመለስ እንጂ ወደ አውሮፓ ለመግባት አያገለግልም፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ወደ ስፔን ለመግባት የሸንገን (የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ መግቢያ) ቪዛ ግዴታ አለበት። መርከቡ ታንጀር ሲደርስ ከሸንገን ክልል ስለሚወጡና ባርሴሎና ላይ እንደገና ስለሚገቡ፣ የአንድ ጊዜ መግቢያ ያለው ቪዛ መመለሻ ያሳጣዎታል፤ ስለዚህ ሲያመለክቱ የብዙ ጊዜ መግቢያ እንዲሰጥዎ የመርከቡን መርሐ ግብር አያይዘው በግልጽ ይጠይቁ። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይቀበላሉ፤ ከአሥራ አምስት ቀን ባነሰ ጊዜ ማቅረብ ግን አይቻልም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድንም ይጠየቃል። ስለ ሞሮኮ ደግሞ ከመርከቡ ድርጅት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ መልስ ይቀበሉ፤ ሰነድ የጎደለውን መንገደኛ ከመነሻው ወደብ ላይ የሚያስቀሩት እነርሱ ራሳቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። የካርቴጁን የጦር መሪ የሐኒባልን ታሪክ ስናስተምር የሮማው አዛዥ ስኪፒዮ አዲሲቱን ካርቴጅ በአንድ ቀን ያዛት፣ ወታደሮቹም በባሕር ውስጥ በእግራቸው ተሻግረው ቅጥሩን ወጡ ይባላል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? በቦታው ላይስ የሚታይ ምልክት አለ?
(ከጎንደር)

መልስ፦ አዲሲቱ ካርቴጅ የተባለችው የዛሬዋ ካርታሄና ናት። ሐኒባል የአልፕስን ተራራ አቋርጦ ወደ ኢጣሊያ የዘመተውም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ከዚሁ ተነሥቶ ነው። ስኪፒዮ በ209 ሲመጣባት ገና ሃያዎቹን አጋማሽ ያለፈ ወጣት ነበር። የካርቴጅ ሦስት ጦሮች እያንዳንዳቸው ከከተማዋ የአሥር ቀን ያህል መንገድ ርቀው እንደሚገኙና በውስጧ የቀረው መደበኛ ወታደር አንድ ሺህ ያህል ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ሰልሎ አወቀ።

ወታደሮቹ የተሻገሩት ባሕሩን ሳይሆን በስተሰሜን የነበረውን ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ነው። በዚያን ጊዜ ከተማዋ በደቡብ በወደቡ፣ በሰሜን በዚህ ሐይቅ ተከብባ በስተምሥራቅ ብቻ በጠባብ መሬት ከየብስ ጋር ትገናኝ ነበር። ስኪፒዮ ውኃው በብዙ ቦታ በእግር እንደሚሻገሩትና ወደ ማታ እንደሚጎድል ከዓሣ አጥማጆች ተረዳ፤ ለሠራዊቱ ግን የባሕሩ አምላክ በሕልሜ ተገልጦ ይረዳናል ብሎኛል አላቸው። በምሥራቁ በር ላይ ከባድ ጥቃት ከፍቶ ተከላካዮቹን ሁሉ ወደዚያ ከሳበ በኋላ፣ ውኃው ሲሸሽ አምስት መቶ ሰዎች መሰላል ይዘው በሐይቁ በኩል ሄደው ማንም ያልጠበቀውን ቅጥር ወጡ። ይህን የሚተርከው ፖሊቢዮስ ከተማዋን በዐይኑ ያየ ሰው ነው። የሜዲትራኒያን ባሕር ሙላትና ጉድለት አነስተኛ ስለሆነ የታሪክ ሊቃውንት በጉዳዩ ይከራከራሉ፤ ሊቭዩስ የተባለው የሮማ ጸሐፊ ነፋሱ ውኃውን እንደገፋው ጨምሮ ጽፏል። በእኛ አስተያየት የነፋሱ ምክንያት ይበልጥ ያሳምናል፤ በጥልቅ ባሕር ላይ የማይታይ የጥቂት ጣት ልዩነት በእንዲህ ያለ ውኃ ላይ መንገድ ይከፍታልና።

ሐይቁ ዛሬ የለም፤ ደርቆ ሰፊ ጎዳናዎች ያሉት የከተማ ክፍል ሆኗል። ከኮንሴፕሲዮን ግንብ ወደ ሰሜን ሲመለከቱ ከኮረብቶቹ በስተጀርባ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚታየው ሜዳ እርሱ ነው። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከሳን ኾሴ ኮረብታ ሥር ካርቴጃውያን የሠሩት ቅጥር ከፊሉ ተቆፍሮ ወጥቶ በሙዚየም ውስጥ ይታያል። ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት የድንጋይ ግንቦች ሲሆኑ በመካከላቸው ለወታደሮች የሚሆኑ ክፍሎች ነበሩ፤ የስኪፒዮ ዋና ጥቃት የተሰነዘረው በዚህ አቅጣጫ ነው። በዚያው ስፍራ ከብዙ ዘመን በኋላ የተሠራ የመቃብር ክፍል ይገኛል፤ በግድግዳው ላይ የአፅም ሥዕል ስላለ ትናንሽ ልጆች የያዘ ሰው አስቀድሞ ይወቀው።

ጥያቄ፦ ጉዟችን በፍልሰታ ጾም ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ ዓሣም አትበላም። ካርታሄና ላይ ከመርከብ ወርደን ምሳ መብላት እንችላለን?
(ከለንደን)

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ሆኖም ሦስት ነገሮች ያሳስቷችኋል። የመጀመሪያው ሚቺሮኔስ የተባለው የአካባቢው ታዋቂ ምግብ ነው። የደረቀ ባቄላ ተዘፍዝፎ በሸክላ የሚቀርብ ወጥ ስለሆነ ለዐይን የጾም ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቀቀለው ከአሳማ አጥንትና ቾሪሶ ከተባለ የአሳማ ቋሊማ ጋር ነው። ይህ ለሙስሊም አንባቢዎቻችንም ሊታወቅ ይገባዋል። ሁለተኛው ካልዴሮ የተባለው የሩዝ ምግብ ነው፤ ሩዙ ለብቻው ቢቀርብም የበሰለው በዓሣ መረቅ ነው። ሦስተኛው ሰላጣ ነው፤ ካልተነገራቸው በላዩ ቱና ይጨምሩበታል። አስተናጋጅ ሥጋ አንበላም ሲባል አሳማውን ወይም ዓሣውን ከሥጋ ላይቆጥር ስለሚችል ዘርዝሮ መናገር ይሻላል፦ ሲን ካርኔ (ያለ ሥጋ)፣ ሲን ሴርዶ (ያለ አሳማ)፣ ሲን ፔስካዶ (ያለ ዓሣ)፣ ሲን ዌቦ (ያለ እንቁላል)፣ ሲን ሌቼ (ያለ ወተት)።

በቲማቲምና በወይራ ዘይት የተቀባ ዳቦ፣ የተጠበሰ ቃሪያና ባድንጃን፣ የወይራ ፍሬ፣ ለውዝና በዚያ ወራት የሚደርሰው በለስ ያለ ችግር ይገኛሉ። ነሐሴ በዚያ አገር ፀሐዩ ኃይለኛ ስለሆነ ለጿሚ ሰው ኮረብታውን በጠዋቱ መጨረስ ይሻላል። ምግብ ቤቶች ለምሳ የሚከፍቱት ከሰባት ሰዓት ተኩል አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ትናንሽ ሱቆች ደግሞ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚዘጉ መግዛት የምትፈልጉት ነገር ካለ ከምሳ በፊት ግዙት። በቡናው ላይም ጥንቃቄ አይለያችሁ። የከተማዋ መታወቂያ የሆነው አሲያቲኮ የተባለ ቡና ወፍራም ጣፋጭ ወተት፣ ኮኛክና በዚያው በካርታሄና የሚጠመቅ አረቄ ይገባበታል። ጥቁር ቡና የሚፈልግ ሰው ካፌ ሶሎ ብሎ ይዘዝ፤ በትንሽ ስኒ፣ ጠንከር ብሎ ይመጣል።